ጀማሪን ከጥቁሩ ገጽ ጋር ስለ ማስተዋወቅ
(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን ጸሐፊ በዛሬው ስብሰባ ላይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ሊኑክስ ምንነት እንዳስረዳ ነበር ያሰበው። ስለ ሊኑክስ ምንነት የሚያስረዳ መጽሐፍም ሆነ ሰው ስላልጠፋ፤ እኔ ጥቂት ስለ ተነገረለት ነገር ልናገር ፈቀድሁ። ይኸውም፤ ኮምፒዩተርን በማውዝ ከመንካት በቀር ሌላ መንገድ የማያውቅን ሰው ከትእዛዝ መስመር ጋር እንዴት አድርገን እናስተዋውቀው የሚል ጥያቄ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ስደክም ቆይቻለሁ። ከምነግራችሁ ውስጥ የሚበዛው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስሕተት የተገኘ ነው።

አስቀድሜ ለማያውቁት ጥቂት ቃል ልናገር። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። በጠባቡ ሲነገር ሊኑክስ የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ብቻ ሲሆን፤ በዙሪያው ካሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ካስታወቀው ግኑ ከሚባለው ሥራ የመጡ ናቸው። እምብርቱን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በጊዜው በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜውም 21 ዓመት። ሥራውን ለሌሎች ያስታወቀው በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን መንግሥት በተለወጠ በሦስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ እርሱ ራሱ ነገሩን እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ እንጂ እንደ ትልቅ ነገር አልቈጠረውም። ዛሬ ግን በአንድሮይድ ስልኮቻችን ውስጥ ያለው እምብርት ይኸው ነው። በዓለም ላይ በፍጥነታቸው አንደኛ ተብለው በሚመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች መዝገብ ውስጥም፤ ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉት ሁሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ይኸን የምጠቅሰው ለማድነቅ ሳይሆን፤ አንድ ተማሪ የጀመረው ነገር ለሌሎች ተማሪዎች የራቀ ሊሆን አይገባውም ለማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንዴት እንደ ነበረ ልንገራችሁ። ሃያ የሚሆኑ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች መጡ። እኔም ዕውቀቴን ላሳይ ፈልጌ አንድ ሰዓት ሙሉ ታሪክ ተረክሁ፤ ቀጥዬም አርባ ያህል ትእዛዞች በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ተማሪዎቹ ጻፉ፤ አመሰገኑ፤ ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጡት ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙም አንዱ ሲቸገር አይቼ፤ «ቈይ፤ እኔ ላሳይህ» ብዬ ኪቦርዱን ከእጁ ወስጄ ሥራውን በአምስት ሴኮንድ ጨረስሁለት። እርሱም አመሰገነኝ፤ ዳሩ ግን ተመልሶ አልመጣም። ነገሩን ኋላ ሳስበው፤ በዚያ አምስት ሴኮንድ ውስጥ ያስተማርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ይህ ሥራ ያንተ አይደለም» የሚል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅዳሜው ትምህርታችን የመጀመሪያ ሕግ፤ አስተማሪ የተማሪውን ኪቦርድ አይነካም የሚል ሆነ። ጣቱን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቁም፤ በአፉ ይናገር፤ ቢዘገይም ይታገሥ።

ሁለተኛው ነገር የፍርሃት ጉዳይ ነው። ጀማሪ ሰው ጥቁሩን ገጽ ሲያይ የሚፈራው ስለ ከበደው አይደለም፤ ስለማያናግረው ነው። ማውዝ የለመደ ሰው ሁልጊዜ የሚመርጠው ነገር በፊቱ ተደርድሮለታል። ጥቁሩ ገጽ ግን ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ትእዛዝ ጽፎ መለሻውን ሲጫንም፤ ሥራው በደኅና ከተፈጸመ ብዙ ጊዜ ምንም ቃል አይመጣም። አንድ ተማሪ ፋይል ገልብጦ ምንም ስላልታየው ያንኑ ትእዛዝ አራት ጊዜ ሲደጋግም አይቻለሁ። ስለዚህ ዝምታው መልስ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ፓስወርድ ሲጻፍም ብዙ ጊዜ ኮከብም ሆነ ነጥብ አይታይም፤ ጀማሪው ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ይኸንንም አስቀድሞ መንገር ነው። እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ነገሮችን የሚያውቅ ሰው አይነግራቸውም፤ ለእርሱ ነገር መሆናቸው ቀርቷልና።

የትእዛዞቹ ስም ማጠርም ያስደነግጣል። ኤል-ኤስ፤ ሲ-ፒ፤ ኤም-ቪ፤ አር-ኤም፤ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው ብለው የጠየቁኝ አሉ። መልሱ ታሪክ ነው። የሊኑክስ አባት የሆነው ዩኒክስ በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ሲጀመር፤ ሰዎቹ የሚጽፉት እንደ ቴሌግራፍ ባለ፤ በወረቀት ላይ በሚያትም ማሽን ነበር። በዘመኑ የተለመደው ማሽን በሴኮንድ የሚያትመው ዐሥር ፊደል ያህል ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ረጅም ስም መጻፍ ቅጣት ስለ ሆነ ስሞቹ አጠሩ። ይኸን የሰማ ተማሪ ስሞቹን ባይወድዳቸውም ይቅር ይላቸዋል።

ሦስተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አርባ ትእዛዝ በአንድ ቀን ማስተማር፤ ለእንግዳ ሰው የአዲስ አበባን መንገዶች ሁሉ በአንድ ማለዳ እንደ መቍጠር ነው። እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የት ነው ያለሁት? እዚህ ምን አለ? ወደዚያስ እንዴት እሄዳለሁ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሦስት ትእዛዞች አሉ። ፒ-ደብሊው-ዲ ያለህበትን ቦታ ይነግርሃል፤ ኤል-ኤስ በቦታው ያለውን ያሳይሃል፤ ሲ-ዲ ወደ ሌላ ቦታ ይወስድሃል። በመጀመሪያው ቀን ከእነዚህ በላይ አናስተምርም። ፋይልና ፎልደርን እንደ አንድ ትልቅ መዝገብ ቤት አድርገን እንገልጻቸዋለን፤ ክፍሎች አሉ፤ በክፍሎቹ መደርደሪያዎች አሉ፤ በመደርደሪያዎቹ ላይ ዶሴዎች አሉ። ተማሪው አንድ ሰዓት ሙሉ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ሲዞር ይውላል፤ ይጠፋል፤ ሲ-ዲ ብቻውን ሲጻፍ ወደ ቤት የሚመልስ መሆኑን ያውቃል፤ ይመለሳል። ጠፍቶ መመለስን የቻለ ሰው ፍርሃቱ ግማሹ ለቀቀው ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ሦስት ቍልፎች ይማራል። ታብ የጀመረውን ስም ይሞላለታል፤ ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ቀድሞ የጻፈውን ይመልስለታል፤ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ሲጫኑ የማያቆም ሥራን ያስቆማሉ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይቀላል።

በእኛ ተማሪዎች ዘንድ ልዩ ሆነው ያገኘኋቸው ሁለት ችግሮች አሉ፤ ሁለቱም ከፊደላችን ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ትልቁ «ኤ» እና ትንሹ «ኤ» ለብዙዎቻችን አንድ ናቸው፤ ለሊኑክስ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው። አንድ ተማሪ ፋይሉ በዓይኑ እየታየው «የለም» ሲባል የሚናደደው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሁለተኛው ባዶ ቦታ ነው። አባቶቻችን ሲጽፉ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጉ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ስንጽፍ በእርሱ ፋንታ ባዶ ቦታ እንተዋለን። በትእዛዝ መስመር ላይ ባዶ ቦታ የዱሮው ሁለት ነጥብ ነው፤ አንዱ ቃል አለቀ፤ ሌላው ጀመረ ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ስገልጸው ወዲያው ይገባቸዋል። እኔ ግን ይኸን ምሳሌ ያገኘሁት በከባድ ዋጋ ነው፤ ዋጋውንም የከፈልሁት እኔ አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስድስት ሳምንት በገጠር ዞራ የሰበሰበችውን የጥናት ማስታወሻ በኮምፒዩተር ጽፋ አስቀምጣ ነበር። በአንድ ቅዳሜ ያልተፈለጉ ፋይሎችን ስለ መሰረዝ ሳስተምር፤ ስማቸው በነጥብ ቲ-ኤክስ-ቲ የሚያልቁትን የልምምድ ፋይሎች እንዲሰርዙ ከፊት ሆኜ ቃል በቃል አስጻፍኋቸው፤ «አር-ኤም፤ ኮከብ፤ ነጥብ ቲ-ኤክስ-ቲ»። እርስዋም እንደ ሰማችው ጻፈች፤ በኮከቡና በነጥቡ መካከል ባዶ ቦታ አደረገች። ኮከብ ብቻውን ሲቆም «በዚህ ያለው ፋይል ሁሉ» ማለት ነው። ማሽኑ የታዘዘውን ፈጸመ። በገጹ ላይ የመጣው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እርሱም ነጥብ ቲ-ኤክስ-ቲ የሚባል ፋይል የለም የሚል። ስላላገኘው አንድ ነገር አጕረመረመ፤ ስለ ሰረዘው ሁሉ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። በትእዛዝ መስመር የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ተመልሶ የሚነሣበት ቅርጫት የለውም።

ልጅቱ አላለቀሰችም፤ አልተቈጣችም። «ለምን አይጠይቅም?» ብቻ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከማስታወሻዋ ከፊሉን ከፍላሽ ላይ፤ ከፊሉንም ስልክዋ ውስጥ ከቀሩት የደብተር ፎቶግራፎች ላይ መልሳ ጻፈች፤ የቀረው ቀረ። ጥፋቱ የእርስዋ አይደለም፤ የማሽኑም አይደለም። መሰረዝን ከመቅዳት በፊት ያስተማርሁ፤ የልምምዱን ስፍራ ከሥራ ስፍራዋ ያልለየሁ፤ ባዶ ቦታ ምን ማለት እንደ ሆነም ያልተናገርሁ እኔ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ በዚህ ግን ያልጠረጠርሁት እኔ ስሆን የተመነጠረችው እርስዋ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ልማድ ይዘናል። ለልምምድ የተለየ ፎልደር ይከፈታል፤ ከእርሱ ውጭ ማንም አይሰርዝም። በኮከብ ከመሰረዝ በፊት ያንኑ ኮከብ በኤል-ኤስ ጽፎ ምን ምን እንደሚጠራ ማየት ግዴታ ነው። አር-ኤምም በሰረዝና በ«አይ» ሲጻፍ እያንዳንዱን ፋይል «ልሰርዘው ወይ?» ብሎ እንደሚጠይቅ በዚያው ቀን እናስተምራለን። እንዲህ የሚያደርግ መንገድ መኖሩን ፈልጋ ያገኘችው ራስዋ ልጅቱ ናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ «ይጠይቃል እኮ፤ አንተ ነህ ያልነገርኸን» አለችኝ። ዛሬ የመሰረዝን ትምህርት የምትሰጠው እርስዋ ናት፤ እንደ እርስዋ አድርጎ የሚያስተምረውም የለም።

ፈልጋ ያገኘችው ከየት ነው ብትሉ፤ «ማን» ከሚባለው ትእዛዝ ነው። ስሙ መመሪያ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው፤ ለእኛ ግን በአማርኛ ጥያቄ ሆኖ ስለሚሰማ ተማሪ በፍጹም አይረሳውም። የማታውቀውን ትእዛዝ «ማን?» በለው፤ ማን እንደ ሆነ ይነግርሃል። ለመውጣት ደግሞ «ኪው» የምትባለውን ፊደል መጫን ነው፤ ይኸንን ያልተነገረው ጀማሪ እዚያው ታስሮ ይቀራል። የ«ማን» ትልቁ ጥቅም በማሽኑ ውስጥ ያለ መሆኑ ነው። ኔትወርክ ቢቋረጥ፤ የዳታ ብር ቢያልቅ፤ መመሪያው አይጠፋም።

በዚህ ላይ አንድ የዘመናችንን ነገር ላንሣ። ዛሬ ብዙ ተማሪ ትእዛዝ የሚጠይቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው፤ የተሰጠውንም ገልብጦ ይለጥፋል። ይኸን አልቃወምም፤ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን የተሰጠውን ማንበብ የማይችል ሰው፤ በማያውቀው ቋንቋ በተጻፈ ውል ላይ እንደሚፈርም ሰው ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምንሰጠው ሕግ፤ ያገኘኸውን ትእዛዝ ከመጫንህ በፊት እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚሠራ ለጎረቤትህ በአማርኛ አስረዳው የሚል ነው። ማስረዳት ካልቻልህ «ማን» በል።

በአማርኛ አስረዳው ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፤ ይኸን መለወጥ አይጠቅመንም። ትምህርቱ ግን ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ቢሆን ይሻላል። ማሽኑ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲል ከረጅም የእንግሊዝኛ ወቀሳ አስበልጦ የሚደነግጥ አለ፤ «ፈቃድ የለህም» ማለት ብቻ መሆኑን ሲሰማ ግን፤ «እንግዲያ ፈቃድ ያለው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያች ጥያቄ የሚቀጥለው ትምህርት መጀመሪያ ናት። የስሕተትን ቃል እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ደብዳቤ ማንበብ የቻለ ተማሪ፤ ከእንግዲህ አስተማሪ ባይኖረውም ይማራል።

በመጨረሻ የምናስተምረው የቧንቧውን ነገር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በዳግላስ ማክኢልሮይ አሳብ በዩኒክስ ውስጥ የገባ ብልሃት ነው፤ የአንዱ መሣሪያ ውጤት ለሌላው መነሻ ይሆናል። ቡና ስናፈላ መቍያው ይቈላል፤ ሙቀጫው ይወቅጣል፤ ጀበናው ያፈላል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ አንዱ ለሌላው ያቀብላል። ለምሳሌ የተማሪዎች ዝርዝር ይኑረን፤ በየመስመሩ የትምህርት ክፍል ስም ተጽፎበታል እንበል። ከየክፍሉ ስንት ስንት ተማሪ እንዳለ ለማወቅ ሶርት መስመሮቹን ይደረድራል፤ ዩኒክ ተከታትለው የመጡትን ተመሳሳዮች አንድ አድርጎ ይቈጥራል፤ ሁለተኛ ሶርት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ያሰልፋል። ዩኒክ የሚያስተውለው ጎን ለጎን ያሉትን ብቻ ስለ ሆነ ሶርት መቅደም አለበት፤ ሳይቈላ እንደማይወቀጥ ሁሉ። ተማሪዎች ይኸን ሲሠሩ የመቶ ሰው ዝርዝር ይሁን የመቶ ሺህ፤ ትእዛዙ ያው አንድ መስመር መሆኑን ያያሉ። ትእዛዝ መስመር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አያሻኝም።

አንድ ደስ የሚላቸው ልምምድ ልጨምር። «ሰላም» የሚለውን ቃል በፋይል ጽፈው ደብሊው-ሲ በሚባለው ትእዛዝ ያስቈጥሩታል። ፊደሎቹን ሲቈጥሩ ሦስት ሲሆኑ፤ ቃሉ የያዘውን ባይት ሲቈጥሩ ግን ዘጠኝ ነው፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው የማይታይ ምልክት በሁለቱም ላይ አንድ ይጨምራል። ይህም የሆነበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ተራው የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ስለሚይዝ ነው። ይኸንኑ ሥርዓት በ1992 እ.ኤ.አ. ከሮብ ፓይክ ጋር ሆኖ ያወጣው ያው ዩኒክስን የጀመረው ኬን ቶምሰን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ተማሪው ይኸን ሲያይ ማሽኑ የእርሱንም ፊደል በሥርዓት የሚያውቅ መሆኑን ይረዳል።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ቃል ልስማ። «ማውዝ ሳለ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ለሥዕል ሥራ ማውዝ ይሻላል፤ አልክድም። «አውቶካድና ፒችትሪ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም» የሚሉም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ምሕንድስናና ሒሳብ አያያዝ የሚማሩ ወንድሞቻችን ዊንዶውስን እንዲጥሉ አልመክርም። የእኔ ነገር አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት አይደለም። ማሽኑ የሚያቀርብለትን ብቻ ከሚመርጥ ሰው፤ የሚፈልገውን ራሱ ተናግሮ የሚያዝ ሰው ይሻላል ለማለት ነው።

ስለዚህ ንግግሬን በአንድ ልመና ልፈጽም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ታውቃላችሁ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደኅና የሆኑ ማሽኖች «አርጅተዋል» እየተባሉ ይጣላሉ። በእኛም ዕቃ ቤት የተቈለሉ አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀለል ያለ ገጽ ያለው ሊኑክስ ቢጫንባቸው ለትምህርት ይበቃሉ። ከመጫኑም በፊት በፍላሽ አስነሥቶ፤ በውስጣቸው ያለው ሳይነካ መሞከር ይቻላል።

ከመምህራን የምንለምነው የዕቃ ቤቱን ቍልፍና አንድ ክፍል ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማሪዎች የምንለምነው ደግሞ የሚያስተምሩ አይደለም፤ ትናንት የተማሩትን ነው። ከትናንት ወዲያ የፈራ ሰው ዛሬ የሚፈራውን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋልና። አዋቂ ሁሉ እንዲመጣ አልጋብዝም፤ እጁን አጣምሮ መቆም የሚችል ግን ይምጣ።